ካስቱሪ ዴቪ «አልፈልግም» አላለችም

በፑልገንጅ የሽቶ ሠፈር ሙኒም፣ ማለትም ሒሳብ ያዥ፣ ጊርዳሪላል የማይዘው መዝገብ የለም ማለት ይቻላል። ከጣፋጭ ሻጩ እስከ መዳብ ቀጥቃጩ የሠላሳ አንድ ሱቅ ሒሳብ ያዥ እሱ ነው። የሠላሳ አንዱም ሱቅ የግብር ቢሮ ድረ ገጽ ምስጢር ቃል በሸሚዙ ኪስ ውስጥ በአንዲት የታጠፈች ወረቀት ላይ ሰፍሮ ይኖራል። ጊርዳሪ አንድ ልማድ ነበረው። ቢሮው ለሚልከው ማስጠንቀቂያ ሁሉ መልስ ሲሞላ፣ ከቅጹ ግርጌ «በአካል ቀርበው መሰማት ይፈልጋሉ?» የምትለው ሳጥን ጋ ሲደርስ፣ ባለሱቁን ሳይጠይቅ፣ የያዘውን ሻይ እንኳ ሳያስቀምጥ «አልፈልግም» የሚለውን ይጫናል። «ሹም ፊትህን ካላየ ዓይን አይጥልብህም፤ ዝም አይነቅዝም» ይላል። ሠፈሩም ይህን እንደ ትልቅ ብልሃት ቆጥሮለት ነበር። ብልሃት ይሁን ፍርሃት፣ ለይቶ የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ካስቱሪ ዴቪም አልጠየቀችም። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ አሥራ ሁለቱን የመዳብ ጋን ራሷ እያስነደደች፣ ጽጌረዳውንም ሌላውንም አበባ እያስፈላች ሽቶውን ታወጣለች። ድምፅዋ ከግቢዋ ተነስቶ አውራ ጎዳናው ላይ ያለ ሰው ያስደነግጣል። እንዲህ ያለች ሴት ቃሏ ሳይሰማ ተፈረደባት ቢባል ማን ያምናል? ግን ሆነ።

የመጋቢት መጨረሻ ነበር፤ ጽጌረዳው በጆንያ በጆንያ የሚጎርፍበት ሳምንት። ለአበባ አምራቾቹ የምትከፍለውን ልታወጣ ባንክ ብትሄድ ገንዘብ ከፋዩ አንገቱን ደፋ።

«አማ፣ ሒሳብዎ ታግዷል።»

«ማን ነው የሚያግደው?»

«የግብር ቢሮ። እኔ ምኑንም አላውቅ፣ ደብዳቤ ነው የመጣልን።»

ከባንኩ እስከ ጊርዳሪ ሱቅ ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። በሩ ላይ ሳትደርስ ጀመረች።

«ጊርዳሪ! ሒሳቤን ማን ዘጋው?»

«ባቢጂ፣ እስቲ ይቀመጡ፣ ሻይ ላስመጣ።» የወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው፤ ባሏን እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የሚያከብረው።

«ሻይህን ተወው! አበባዬ ጆንያ ውስጥ እየተቃጠለ ነው። ክፈተው ይህን ሳጥንህን!»

ኮምፒውተሩን ከፈተ። አንዱን ገጽ ሲተው ሌላውን ሲይዝ ቆየና ግንባሩን ላብ አሰመጠው። አሥራ አንድ ገጽ ውሳኔ ተለጥፎ ኖሯል። ካስቱሪ ንባብ ብዙም አይሆንላትምና እሱ አነበበላት። በመሙያ መዝገቧ አርባ ስድስት ኪሎ ሽቶ ተሞልቷል ይላል። የተሸጠውና የቢሮው ሰዎች መጥተው መዝገቡን ሲያዩ ግምጃ ቤት ያገኙት ግን አርባ አንድ ብቻ ነው። አምስቱን ኪሎ ደብቃ ሸጣለች፤ ግብሩን ከነቅጣቱ ትክፈል፤ ካልከፈለች ጋኖቿና ግቢዋ በሐራጅ ይሸጣሉ።

«ሌባ ነው የሚለኝ?»

«ሌባ አይልም ባቢጂ። ‹ደብቃለች› ነው የሚለው።»

«ታዲያ የሌባ ሥራው ምንድን ነው?»

አምስቱ ኪሎ የት እንደገባ ጋን አጠገብ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ከጋኑ የወጣ ሽቶ ውሃው ጨርሶ አይለቀውም። ስለዚህ ኩፒ በሚሏት የግመል ቆዳ ጠርሙስ ይሞላና ፀሐይ ላይ ይንጠለጠላል። ቆዳው ውሃውን በቀስታ ወደ ውጭ ያላበዋል፤ ዘይቱን ግን ጠብታ አይለቅም። መዝገብ የሚጻፈው ደግሞ ኩፒው በተሞላ ቀን ነው፤ የባሏ አባትም ባሏም እንዲሁ ነበር የሚጽፉት። የመሙያ ቀን ኪሎና የመሸጫ ቀን ኪሎ ገጥሞ አያውቅም። ሠፈሩ «ፀሐይ ድርሻዋን ወሰደች» ይላል፣ ያልፋል። ሹሙ ግን ሁለቱን መዝገብ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጣ።

«ይህን አልነገርከውም?»

«‹ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ክሱን አንቀበልም› ብዬ ጻፍኩ።»

«ከዚያስ?»

ጊርዳሪ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አልነቀለም።

«ከዚያስ ጊርዳሪ?»

ድምፁ ሰልሎ አነበበ። «‹ግብር ከፋይዋ በአካል ቀርባ መሰማት እንደማትፈልግ በመልሷ ስላረጋገጠች...›»

ካስቱሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። በዚህች ሠፈር ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነው።

«እኔ ነኝ የማልፈልገው?»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብዬ ነው ባቢጂ። ሰው ሹም ፊት ሲቆም ይደናገጣል፣ የማይሆን ነገር ያወጣል...»

«የማን አፍ ነው? የኔ አፍ! ወለም ቢለውም የኔ ነው። ማን ዝጋልኝ አለህ?»

ያን ቀን ከግቢዋ ደጅ የተሰለፈው የአበባ ጋሪ ወሬውን ከእሷ ቀድሞ ሰምቶ ጠበቃት። አንዱ አምራች «ሒሳቡ ለታገደ ሰው አበባ አልሰጥም» ብሎ በሬዎቹን አዙሮ ወደ ጎረቤት ነዳ። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ሽማግሌው ራምሰኔሂ ጆንያውን ከጋሪው ጎትቶ አወረደ። «ጽጌረዳ የባንክ ደብዳቤ አያነብም፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ይጠወልጋል። ጋኑን አስነድጂ፤ ሒሳቡ ሲከፈት እንተሳሰባለን» አላት። ያን ዕለት ከአሥራ ሁለቱ ጋን አራቱ ነደዱ። ካስቱሪን ስምንቱን ቀዝቃዛ ጋን ስታይ ያቃጠላት ገንዘቡ ሳይሆን ያ በሬዎቹን ያዞረ ሰው ጀርባ ነበር።

በማግስቱ አንዲት ኩፒ በጨርቅ ቋጥራ ግብር ቢሮ ገባች። ውሳኔውን የፈረመው ማቱር ሳሂብ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሽበቷን አይቶ ከወንበሩ ተነሳላት። ከጀርባው ያለው የፋይል ክምር ግን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቀነ ገደብ ደርሶበት በሁለት ሳምንት ውስጥ መቶ አርባ ውሳኔ ፈርሟል።

«ማታጂ፣ ውሳኔው ከእጄ ወጥቷል። የፈረምኩትን መልሼ እንዳነሳ ሕግ አይፈቅድልኝም።» ማታጂ ያላት እናቴ ሲላት ነው።

«ይህችን ኩፒ ይመዝኑልኝ፣ ሌላ ምንም አልልም።»

«ምኗን?»

«ኩፒዋን!»

«ጊዜው አልፏል። ደግሞም ቀርቤ መናገር አልፈልግም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«የት አገኙኝና ነው ሳሂብ? እኔና እርስዎ ዛሬ ገና መተያየታችን ነው።»

ሰውየው ብዕሩን አገላበጠና «ይግባኝ ይበሉ» አላት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። ሰው ሌባ ተብሎ ቢፈረድበት አንድ ነገር ነው። «ምን ትላለህ?» የሚለው እንኳ ሳያገኝ ሲፈረድበት ግን ከግዑዝ ዕቃ ተቆጠረ ማለት ነው። እንባዋን በሳሪዋ ጫፍ ጠርጋ ስትነሳ ቆርጣ ነበር። ቃሏን ሳይሰሙ ጋኖቿን አይወስዷቸውም።

በፕራያግራጅ ከተማ፣ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመጽሐፍ ጠራዡ ሱቅ በላይ፣ ዙሌካ ሪዝቪ የምትባል ወጣት ጠበቃ አለች። ካስቱሪ በባቡር ሌሊቱን ተጉዛ ደረሰች። ዙሌካ አሥራ አንዱን ገጽ እንደቆመች አነበበች፤ ከዚያ ከውሳኔው በፊት የተላከውን ማስጠንቀቂያ አወጣች።

«አማ፣ እዚህ ጋ ‹የመሰሚያ ቀን› ይላል። ከፊቱ ምን እንደተጻፈ ያውቃሉ?»

«ምን?»

«‹የለም።› ሰዓቱም ‹የለም›፣ ቦታውም ‹የለም›። ሰውየው እርስዎ ሳይመልሱም ሊጠራዎት አላሰበም።»

«የኔው ሙኒም ደግሞ አልፈልግም ብሎ ጨረሰው።»

«አልጨረሰውም።» ዙሌካ አሁን ተቀመጠች። «ሕጉ ሁለት በር ነው ያለው። አንደኛው፣ ሰው ልናገር ብሎ ሲጠይቅ መስማት አለባቸው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሹሙ በሰው ላይ ሊፈርድ ካሰበ፣ ሰውየው ጠየቀም አልጠየቀም ጠርቶ ‹ይህን ልፈርድብህ ነው፣ ምን ትላለህ?› ማለት አለበት። የጊርዳሪ ጣት የዘጋው የመጀመሪያውን በር ነው። ሁለተኛውን እሱ አይዘጋውም።»

ካስቱሪ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ የባቡሩ ድካም ተሰማት። ለካ ጥርሷን ነክሳ ነው እስከዚያ የደረሰችው።

«ግን» አለች ዙሌካ፣ «የመንግሥት ጠበቃ ‹ራሷ ናት እንቢ ያለችው› ማለቱ አይቀርም። ሳጥኑን የተጫነው ሰው ሳልጠይቃት ነው ብሎ ቢምል አፉን ይዘጋልናል። ይምላል?»

ያ ነበር ከባዱ። ካስቱሪ የመሐላውን ወረቀት ይዛ ተመልሳ ጊርዳሪ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ሰውየው እጁን እንኳ አልዘረጋም።

«ባቢጂ፣ ሠላሳ አንድ ሱቅ አለኝ። ‹ሳልጠይቅ ነው የምጫነው› ብዬ ከማልኩ ነገ ስንቱ ይቀረኛል?»

«ምናልባት አንድም አይቀርህም።»

«እና?»

«እናማ እኔ አለሁ። አሥራ ሁለቱ ጋን እስካለ ድረስ መዝገቤ ያንተ ነው። ጋኖቹ ከተሸጡ ግን ሁለታችንም የለንም።» አልለመነችውም። ወረቀቱን ትታለት ወጣች።

ሦስት ቀን ድምፁ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ካስቱሪ ባቡር ጣቢያ ስትደርስ ጊርዳሪ ፀጉሩን ዘይት ቀብቶ፣ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ የፈረመውን ወረቀት ደረቱ ላይ አስደግፎ ቆሟል።

«ምነው፣ ልትዳር ነው?» አለችው።

«ፍርድ ቤት እኮ ነው ባቢጂ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለ። «ለጣፋጭ ሻጩ ለባንኬላል ትናንት ነገርኩት። ‹የኔንም አልፈልግም ትል ነበር?› አለኝ። አዎ አልኩት። ከሱቁ አባረረኝ።»

ካስቱሪ ከያዘችው ፑሪ፣ ከዘይት ጥብስ ቂጣዋ፣ ሁለቱን አውጥታ ሰጠችው። አበላሉን አይታ ሦስት ቀን እንዳልበላ ገባት።

ፍርድ ቤቱ ሙሉ ቀን አስቀምጦ ስድስት ደቂቃ ሰማቸው። የመንግሥት ጠበቃ እንደተባለው «ራሷ ናት መሰማት አልፈልግም ያለችው» አለ። ዙሌካ የጊርዳሪን መሐላ አቀረበች፤ ሁለቱን በሮች ጠቀሰች፤ ሦስቱን «የለም» አሳየች። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ዳኛ ወረቀቱን ገለጥ አድርገው ጠየቁ።

«ከቢሮው እስከ ሴትዮዋ ቤት ስንት ነው?»

«ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች ዙሌካ።

«ሁለት ኪሎ ሜትር» አሉ ዳኛው ወደ መንግሥት ጠበቃ ዞረው። «ንብረቷን ለማገድ ባንክ ድረስ ተሂዷል። እሷን ለመጥራት መንገዱ ራቀ?» መልስ አልጠበቁም። ውሳኔው ተሰረዘ፤ እገዳውም አብሮ ወደቀ። ሹሙ ቀን ቆርጦ፣ ጠርቶ፣ ሰምቶ፣ ከዚያ የመሰለውን ይወስን ተባለ።

ኮሪደሩ ላይ ካስቱሪ የዙሌካን ክንድ ያዘች። «አሸነፍን ማለት ነው?»

«መናገሩን አሸነፉ አማ። የሚናገሩት ደግሞ ከዚህ በኋላ የእርስዎ ፋንታ ነው።»

በግንቦት፣ ያ የሚለበልብ ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን፣ ጥሪው መጣ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው ተጽፎበት። ካስቱሪ በዚያን ቀን ጠዋት ቤላ ከሚሉት ነጭ አበባ ሽቶ የተሞላች ኩፒ ታቅፋ ገባች። ጊርዳሪ ከኋላዋ ነው፤ በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም። ማቱር ሳሂብ ወንበር አሳያትና ብዕሩን አነሳ።

«ይናገሩ ማታጂ።»

አንድ ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ያጠናችው ንግግር ከአእምሮዋ ብን ብሎ ጠፋ። ጊርዳሪ እንዳለው ሰው ሹም ፊት ይደናገጣል፤ ውሸቱን አልነበረም። ኩፒዋ ጭኗ ላይ ሞቅ ብላ ስትሰማት ግን አንገቷን ቀና አደረገች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ሳሂብ። ይህችን ይመዝኗት። በእኔ ሚዛን አይደለም፣ በራስዎ።»

የፖስታ ክፍሉ ሚዛን መጣ። ሁለት ኪሎ ከመቶ አርባ ግራም።

«አሁን አፏን በራስዎ ማኅተም ያሽጉልኝ። ፀሐይ የሚገባበት መስኮትዎ ላይ ያንጠልጥሏት፤ ቁልፉንም እርስዎ ይያዙ። በሃያ አንድ ቀን እመለሳለሁ።»

«ማታጂ፣ ይህ እኮ ቢሮ ነው። የሽቶ ቤት አይደለም።»

«የኔም የሽቶ ቤት ነው እንጂ ቢሮ አልነበረም። መዝገቤን ፍለጋ ሰዎችዎ ሲገቡ ግን ምን አልኩ?»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ማቱር ሳሂብ ፈገግታውን ዋጠና ሰም አስመጣ። ቃሏን ደግሞ አንድ ሳያስቀር ጻፈ፦ ጋኑን፣ ውሃውን፣ ቆዳውን፣ የመሙያ ቀን መዝገቡን። የማይገባው ሲመጣ ብዕሩን አቁሞ ይጠይቃል፤ እሷም በእጇ እያሳየች ታስረዳዋለች። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ካስቱሪ ስትወጣ ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ልቧ ግን ከመጋቢት ወዲህ እንደዚያን ዕለት ቀሎላት አያውቅም።

ሃያ አንዱ ቀን አልገፋ አለ። ፀሐይዋን ደመና ከጋረዳት፣ ማኅተሙን አይጥ ከነካው፣ አንዱ የቢሮ ሠራተኛ ኩፒዋን ካወረዳት አለቀላት። ጊርዳሪ በየቀኑ በመንገዱ አልፎ መስኮቱን አይቶ ይመጣል። «አለች ባቢጂ» ይላል፣ «ዛሬም እያላባት ነው።» ሠላሳ አንዱ ሱቅ ወደ አሥራ ስምንት ወርዶበታልና ጊዜ ተርፎታል።

በቀጠሮው ቀን ማቱር ሳሂብ ራሱ አወረዳት። ሰሙ እንደታሸገ ነው። የቆዳዋ ሆድ ግን ዙሪያውን ነጭ የላብ ቀለበት ሠርቷል፤ መስኮቱ ሥር ያለው የፋይል ክምር ሳይቀር የቤላ አበባ ይሸታል። ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ አሥር። አነሳትና መልሶ መዘነ። ሦስተኛ መዘነ። ከዚያ ወረቀት ስቦ ራሱ አሰላ፤ ከአርባ ስድስት ኪሎ ፀሐይ ስንት እንደምትወስድ። ብዕሩን አስቀመጠ።

«አምስት» አለ።

ካስቱሪ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ዘንበል ብላ አየች።

«ይህን ያኔ ለምን በመልስዎ አልጻፉትም?»

«ሳሂብ» አለ ጊርዳሪ ከበሩ፣ «ያ ጥፋት የኔ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ በሹም ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፤ ከዚያ ያለፈቃዱ የተናገረ ይመስል አፉን በእጁ ያዘ።

ማቱር ሳሂብ ኩፒዋን በሁለት እጁ አንስቶ ለካስቱሪ መለሰላት። «የሱ ብቻ አይደለም» አለ። «ሁለት ኪሎ ሜትር ነበር።»

ውሳኔው በሳምንቱ ተለጠፈ። ካስቱሪ ጊርዳሪ ሱቅ ገብታ ሻዩን ዛሬ እሺ ብላ ተቀመጠች። ጊርዳሪ ክሱ ተነሳ፣ ቅጣቱ ተነሳ፣ ጋኖቹ ነጻ ናቸው የሚለውን በደስታ እየተንተባተበ ሊያነብላት ቢጣደፍ እጇን ዘረጋችበት።

«እሱን አውቄዋለሁ። ከላይ ጀምር። ስለኔ ምን ይላል?»

ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። «‹ግብር ከፋይዋ ካስቱሪ ዴቪ በአካል ቀርባ ቃሏ ተሰምቷል።›»

«ድገመው።»

ደገመው። ካስቱሪ ሻይዋን ጠጣች። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ልትደብቀውም አልሞከረችም።

ጊርዳሪ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ባንኬላል ትናንት ከነኩርፊያው መዝገቡን መልሶለታል፤ ቢሮው ለእሱም ማስጠንቀቂያ ልኮለት ነበር። መልሱን ሞላ፣ ሞላና ከግርጌ ያለችው ሳጥን ጋ ደረሰ። ጣቱ በልማዱ ሄደ። ቆመ። ሻዩን አስቀምጦ ተነሳና በሩ ላይ ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ተጣራ።

«ባንኬላል! ሹሙ ፊት ቀርበህ መናገር ትፈልጋለህ?»

«ምን ብዬ ነው የምናገረው?» አለ ጣፋጭ ሻጩ፣ እጁን ከዘይቱ ምጣድ ላይ ሳያነሳ።

«እኔ ምን አውቄ? ጣፋጩን የምትጠብሰው አንተ ነህ። ና፣ ራስህ ተጫነው።»